ማን ገለጸው?

«ሽንኩርቱ ያስለቅሳል?»

«ላጪውን እንጂ ገዢውን አያስለቅስም።»

ምልክቱ ልክ ነው። አሻግሬ ዘንቢሉን ተቀበለ። ከሽንኩርቱ ሥር የቴፕ ክር አለ።

አቃቂ ባቡር ጣቢያ በገበያተኛ ተጨናንቋል። ዘንቢሉን ያቀበለው ወልደሚካኤል የራዲዮ ጣቢያው ድምፅ ቀጂ ነው፤ ቀድሞ ዜና ጸሐፊ ነበር። ከረባቱ ከኅሊናው ይልቅ የጠበቀ ሰው።

አሻግሬ አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ በዘበኝነት ተመሳስሎ ከገባ ከርሟል። የምስጢር ስሙ ቆቅ ነው። የላከችው ብዙወርቅ ናት፤ የራዲዮው አዲሷ የዜና ኃላፊ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ በንጉሡ ዘመን፣ ክረምት ሲገባ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ቦይለር ፈንድቶ ሰው ፈጀ። አቃቂ ሬሳዋን ተሸክማ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ራዲዮው ከየሻይ ቤቱ፣ «ቀላል የቴክኒክ ብልሽት አጋጥሞ በቁጥጥር ሥር መዋሉ ተገለጸ» አለ። ለቀስተኛው ባለበት ቆመ። አንዲት እናት «ማን ገለጸው?» ብላ ጮኸች።

ከዚያ ወዲህ አቃቂ ላይ ውሸታም ሁሉ ስሙ «ተገለጸ» ሆነ። «ሂድ ወዲያ፣ አንተ ተገለጸ!» ይባባላሉ። ራዲዮው ይዘንባል ካለ ልብሳቸውን ያሰጣሉ።

ብዙወርቅ እንዲህ ብላው ነበር፦ «የሰቦቃን ድምፅ ሳንነካካ ካሰማን ሕዝቡ ይመለስልን ይሆናል። ዳግም ከዋሸን ግን ጆሮውን አጣነው።»

ሰቦቃ የቦይለሩ ሠራተኛ ነው፤ ተቃጥሎ የተረፈ ብቸኛ ምስክር። የጸጥታ ሰዎች ያሳድዱታል። የተደበቀበትን የሚያውቀው አሻግሬ ብቻ ነው። ወልደሚካኤል ድምፁን እንዲቀርጽ እንኳ ሌላ ቦታ አምጥቶት፣ ወዲያው መልሶ ሸሽጎታል።

ቴፑን ለብዙወርቅ የሚያደርሰው እሱ ነው፤ ቆቅ ግን ያልሰማውን አያደርስም። ጭነት መጋዘኑ ውስጥ ገብቶ እዚያ በሸሸገው ማጫወቻ ቴፑን ከፈተ።

«እኔ ሰቦቃ ነኝ» አለ ድምፁ። ይመስላል። «ከመቶ በላይ ሠራተኞች ሕይወታቸውን ማጣታቸው ተገለጸ።»

አሻግሬ ክው አለ።

ጓደኞቹን ከእሳት የጎተተ ሰው እንዲህ አይናገርም። አቃቂ ሟቾቿን በስም ታውቃለች፤ መቶ አይሞሉም። ይህ ቢተላለፍ ሕዝቡ ዳግም ይስቃል፤ ብዙወርቅም አበቃላት። ድምፁ የተከራየ ነው። የጻፈው ግን ወልደሚካኤል ነው። ሰውየው ሁሉን ሲክድ ብዕሩ «ተገለጸ»ን መካድ አቅቷታል።

በሩ ተንኳኳ።

«እንዴት ነው?» አለ ወልደሚካኤል።

«ግሩም ነው ጋሼ።»

«ለመሆኑ ሰቦቃ የት ነው ያለው? ለቁስሉ ቅባት ይዤለት ነበር።»

«ከወንዙ ማዶ፣ አሮጌው ወፍጮ ቤት። ለማንም እንዳይናገሩ!»

«ሞቼ እገኛለሁ!»

አልሞተም። በቀጥታ ጥግ ወደቆመችው የጸጥታ ሰዎች ቮልስዋገን ሄዶ ወደ ወንዙ ጠቆመ። መኪናዋ ተፈተለከች። ለአገር ዜና ሲጽፍ የኖረው እንግዲህ ይህ ነው።

አሻግሬ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሮጠ። ሰቦቃ ከአንድ መቃብር ቤት ውስጥ ጋቢ ተከናንቦ ተቀምጧል።

«ቴፑን ለውጠውታል። አንተው ራስህ ራዲዮ ጣቢያ ሂድና ተናገር።»

«ከገባሁ የምወጣ ይመስልሃል?»

«አይመስለኝም።»

ሰቦቃ በፋሻ የተጠቀለለ እጁን አየ። «ልጆቹ ነደው እኔ ለምን ተረፍኩ እያልኩ አምላክን ስጨቀጭቀው ነበር» አለ። «ለዚህ ይሆናላ።»

ተነሣ።

ባቡር ጣቢያው ሲደርሱ ቮልስዋገኗ ባዶ ወፍጮ ቤት አይታ ተመልሳለች። ወልደሚካኤል ከሁለት ሰዎች ጋር ሆኖ የተሳፋሪውን ፊት ይመረምራል። ወደ ከተማ የሚሄደው ባቡር ሊነሣ ነው። አሻግሬ ሰቦቃን ከጠበልተኞች መሐል ሸጎጠው።

ፈታሾቹ ሰቦቃ ወደሚሳፈርበት ፉርጎ በር እየቀረቡ ነው።

አሻግሬ ዘንቢሉን ከፍ አድርጎ ጮኸ።

«ጋሼ ተገለጸ! ቴፕዎን ረሱ!»

ገበያተኛው በሳቅ ፈረሰ። ወልደሚካኤል ቲማቲም መሰለ። ሁለቱ ሰዎች ወደ አሻግሬ ተወረወሩ።

ሮጠ።

ሐዲዱን ዘለለ። ከኋላው የከተማው ባቡር አፏጨ፤ ሰቦቃ ሄደ። ከፊቱ ወደ ሞጆ የሚያቀና የጭነት ባቡር መንቀሳቀስ ጀምሯል።

ተኩስ።

ትከሻው ጋለ። በሌላው እጁ የፉርጎውን ብረት ያዘ።

ዱከም ላይ ወርዶ አንዲት ሻይ ቤት ጥግ ያዘ። የምሳ ሰዓት ዜና ሲጀምር ማንም ጆሮ አልሰጠም። ከዚያ የብዙወርቅ ድምፅ መጣ።

«ስለ አቃቂው አደጋ ዋሽተናችኋል። ሟቾቹን ደብቀናል። አሁን ያየው ሰው ይናገር።»

የሻይ ብርጭቆው ሁሉ ካለበት ቆመ።

«ሰቦቃ ነኝ። ቦይለሩ ይፈነዳል ብዬ ነገርኳቸው። ሥራህን ሥራ አሉኝ። የሞቱት ሮሪሳ ነው። ያደታ ነው። በላይነሽ ናት፣ እርጉዝ ነበረች…»

ስም በስም ጠራ። የመጨረሻውን እንደጠራ በር ሲሰበር ተሰማ። ሴት ጮኸች። ከዚያ የሰልፍ ሙዚቃ።



«ይኸስ እውነት ነው» አሉ አንድ ሽማግሌ። «ውሸት ቢሆን ማን ያቋርጠው ነበር?»

«ነገም ራዲዮውን ክፈቺው» አለ ሌላው ለሻይ ቤቱ ባለቤት። «ልጅቱ ትመለስ እንደሆን እንስማ።»

ሴትዮዋ ወደ አሻግሬ ስትዞር ትከሻውን አየች።

«ውይ፣ ደምተሃል! ማን ልበል ወንድሜ?»

አሻግሬ አማተበ። ሰቦቃ ስሙን ተናግሮ ታሰረ። እሱ ደግሞ ዛሬም መዋሸት አለበት።

«ታደሰ» አላት፣ ሻዩንም ሳይጨርስ ወጣ።