ሳይተረጎም የቀረው

«ምን አለች?» አለች ሰቢሃ፣ ዐይኗን ከዶክተሯ ፊት ሳትነቅል።

ልጇ ኢክራም የሰማችውን በልቧ ደገመችው። ዶክተሯ ብዙ ነገር ተናግራለች። የሰቢሃ ግራ ጡት በካንሰር ምክንያት በቀዶ ጥገና ከተወገደ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል። ሕክምናው አልቋል፤ የመጨረሻው ምርመራም ንጹሕ ነው። አሁን ከፈለገች ጡቷን መልሶ መሥራት ይቻላል፤ ወይ ሲሊኮን በማስገባት፣ ወይ ከራሷ ሆድ ሥጋና ስብ ወስዶ። ሁለተኛው ረጅም ኦፕራሲዮን ነው። ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል፤ አንዳንዴም እንደገና ኦፕራሲዮን ክፍል መግባት ይመጣል። ግን አብዛኞቹ ደህና ይወጣሉ፤ የሰቢሃም ጤና ይፈቅዳል። እንዳለ መተውም ምንም ነውር የለበትም፤ ትተውት በደስታ የሚኖሩ ብዙ ናቸው። የሚያጣድፍ ነገር የለም፤ ታስብበት።

ሰቢሃ እንግሊዝኛ አትሰማም። አል ዐይን ከተማ ውስጥ ዐባያ በምትሰፋበት ሱቅ የለመደችው ዐረብኛም ለዚህ አይበቃም። ለዚህ ነው የዐሥራ አራት ዓመት ልጇን ከትምህርት ቤት አስፈቅዳ አቡዳቢ ድረስ ይዛት የመጣችው።

«ከባድ ነው አለች» አለች ኢክራም። «ረጅም ኦፕራሲዮን ነው። ቁስሉ ያመረቅዛል፤ ደጋግሞ መቀደድ ይመጣል። ባይነካ ይሻላል አለች።»

የመጨረሻውን ዶክተሯ አላለችም።

ሰቢሃ ጣቶቿን አየች። «ኸላስ» አለች። «ይቅራ።» ከዚያ ለዶክተሯ ፈገግ ብላ «ታንክ ዩ» አለችና ቦርሳዋን አነሣች። ዶክተሯ ግር ብሏት አንዴ እናትየዋን፣ አንዴ ልጅቷን አየች።

የኢክራም አባት አንዋር የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ነው። የዚያን ቀን ፈቃድ ወስዶ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ይጠብቃቸው ነበር። ገና በሩን ሲከፍቱ «እህ፣ ምን ተባለ?» አለ።

«አይሆንም አሉ» አለች ሰቢሃ።

«በይ አትዘኝ። አልሐምዱሊላህ፣ ዋናው ጤናሽ ነው።»

ኢክራም ከኋላ ተቀምጣ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰካች፤ ሙዚቃ ግን አልከፈተችም። ክፉ አስባ አልነበረም። ዶክተሯ «ኦፕራሲዮን» ስትል በዐይነ ሕሊናዋ የመጣው የእናቷ የመጀመሪያ ኦፕራሲዮን ቀን ነው። ስድስት ሰዓት ሙሉ ጠብቀው፣ እናቷ በተሽከርካሪ አልጋ ስትወጣ፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ ከጎኗ ደም የያዘ ቱቦ ተንጠልጥሎ። «እማ» ብላ ስትጠራት አየት አድርጋት፣ እንደማያውቃት ሰው ፊቷን መለሰች። ያንን ሁለተኛ አላይም፣ አለች በልቧ።

በሦስተኛው ቀን ኢክራም ከትምህርት ቤት ስትወጣ አል ጂሚ ሰፈር ወደሚገኘው የእናቷ ሱቅ ሄደች። ሰቢሃ በጉልበቷ ተንበርክካ የአንዲት ማዳም ዐባያ ጠርዝ ላይ መርፌ ቁልፍ ትሰካ ነበር። ጨርሳ ቀና ስትል ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና በክንዷ ደረቷን ቶሎ ወደ ላይ ገፋ አደረገች። በጡቷ ቦታ፣ ጡት መያዣዋ ውስጥ የምታደርገው ጥጥ ወርዶ ነው። ማዳሟ አላየችም። ኢክራም አየች።

ሴትየዋ እስክትሄድ ጠብቃ «ሁሌ እንደዚህ ይወርዳል?» አለቻት።

«ሥራዬ ጎንበስ ቀና አይደል? ይንሸራተታል።» ሰቢሃ ሳቅ አለች። «የአገሩን ሴት ሁሉ ልብስ በልኩ አስተካክላለሁ፤ የራሴን ማስተካከል አቃተኝ።» መርፌ ቁልፎቹን ከመሬት እየለቀመች ቀጠለች። «ዓመት ሙሉ ሳስበው ነበር፣ ታውቂያለሽ? ለአባትሽም አልነገርኩት። ስለ ደረቴ ሳላስብ ልብስ መልበስ አማረኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። ካልሆነ ምን ይደረጋል።»

ኢክራም የቦርሳዋን ማንገቻ ጠበቅ አድርጋ ያዘች። «እማ… ዶክተሯ ባይነካ ይሻላል አላለችም።»

የሰቢሃ እጅ ቆመ።

«እኔ ነኝ ያልኩት። ከባድ ነው ብላለች፣ እሱ እውነት ነው። ግን ብዙዎቹ ደህና ይወጣሉ፣ ጤናሽም ይፈቅዳል አለች። እንዳለ መተውም ይቻላል፣ ታስብበት አለች።»

ሰቢሃ መርፌ ቁልፎቹን አንድ በአንድ መርፌ መሰኪያ ትራሷ ላይ ሰካቻቸው። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ስንት ጊዜ እንዲህ ተረጎምሽልኝ?»

«ይሄን ብቻ። ወላሂ፣ ይሄን ብቻ።»

«እኔ እኮ እዚያ ክፍል ውስጥ ካንቺ ሌላ ጆሮ አልነበረኝም፣ ኢክራም።»

ኢክራም እንባዋ መጣ። «ፈራሁ። ያኔ ከኦፕራሲዮን ስትወጪ አላወቅሽኝም። ስጠራሽ ፊትሽን አዞርሽብኝ።»

ሰቢሃ ይህን አታስታውስም ነበር። ለልጇ ወንበር ሳበችላት። «መድኃኒቱ ነው፣ ልጄ። እኔም ፈርቼ ነበር። አሁንም እፈራለሁ።»

«ታዲያ ልታሠሪው ነው?»

«እኔ እንጃ። ምናልባት ሁሉን ሰምቼ ይቅርብኝ እል ይሆናል። ግን ሰምቼ ነው።»

ኢክራም ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገችና ስልኳን አወጣች። የሆስፒታሉን ቁጥር ፈልጋ ደወለች፤ በእንግሊዝኛ ቀጠሮ ጠየቀች። ከዚያ ስልኩን በእጇ ከደን አድርጋ «ማክሰኞ አለ። የአማርኛ አስተርጓሚም በስልክ ያገናኛሉ፤ እሺ ልበል?» አለች።

«በያቸው።»

«እኔስ ልምጣ?»

«ትመጫለሽ እንጂ። ያን ቀን ግን ሥራ የለሽም፤ አጠገቤ ትቀመጫለሽ።»

ውጭ የመኪና ጥሩንባ ጮኸ፤ አንዋር ሊወስዳቸው መጥቷል። ሰቢሃ መብራቱን ልታጠፋ ስትነሣ ልጇን አየቻት። «አባትሽም አይሆንም እንደተባለ ነው የሚያውቀው።»

«እኔ እነግረዋለሁ» አለች ኢክራም። እናቷን ሳትጠብቅ ከሱቁ ወጣችና ወደ መኪናው ሄዳ የፊተኛውን በር ከፈተች።