ሽንት ቤት የገባው ክኒን

«አረንጓዴው እስኪበስል ነው የምንጠብቀው?» አለ ሬዲዮ ከኋላ ወንበር።

የትምህርት ቤት ሰርቪስ ሚኒባሷን የሞላው ተማሪ ሳቀ። ሬዲዮ የሚለው ስም የወጣለት አፉ ስለማይዘጋ ነው፤ ዛሬ ግን የተናገረው እውነት ነበር። መብራቱ አረንጓዴ ከሆነ ቆይቷል። ከኋላ የተሰለፉት መኪኖች ጥሩምባቸውን ያስጮኻሉ። ሚኒባሷ ንቅንቅ አላለችም።

ቁንዶ ከፊት ወንበር ወደ ሹፌሩ ዞረች። ሹፌሩ አባቷ ነው። ሁለት እጆቹ መሪውን እንደያዙ፣ አገጩ ደረቱ ላይ ወድቋል።

«አባዬ» አለችና ትከሻውን ነቀነቀችው።

«አይቻለሁ፣ አይቻለሁ» አለ ምንም ሳያይ። ክላቹን ሲለቀው ሚኒባሷ እንደ ፍየል ዘለለች፤ ተማሪዎቹም አብረው ዘለሉ።

«ፋዘር ይመችዎት» አለ ሬዲዮ። እንደገና ሳቁ።

ቁንዶ አልሳቀችም። ፊቷ ጋለ። ስሙን ያወጣላት አባቷ ነው፤ እንደ ቁንዶ በርበሬ ትንሽ ሆና የምታቃጥል ስለሆነች። የሚያቃጥላት ማን እንደሆነ ግን ጠይቆ አያውቅም።

ነገሩ የጀመረው እናቷ የሞተች ሰሞን ነው። አባቷ ሌሊቱን ሙሉ ኮርኒስ ሲያይ ሲያድር፣ አንድ ሐኪም የእንቅልፍ ክኒን አዘዘለት። «ለጥቂት ሳምንት» ብሎ ነበር። ጥቂቱ ሳምንት ዓመታት ወለደ። የሰፈሩ መድኃኒት ሻጭ ማዘዣ መጠየቁን ትቶ፣ ዳቦ እንደሚሸጥ ሰው «እንደተለመደው?» ማለት ጀመረ። አንዱ ክኒን አላስተኛ ሲል ሁለት ሆነ። አባቷ ማታ ቶሎ ይተኛል፤ ችግሩ ጠዋት አለመንቃቱ ነው። ይነሳል፣ ይለብሳል፣ ይነዳል፣ ያወራል። አይነቃም። ባለፈው ወር ቁንዶ በትምህርት ቤቱ የክርክር ውድድር ላይ ስትናገር ከፊት እንደሚቀመጥ ቃል ገብቶላት ነበር። ቀረ። ቤት ስትገባ «መች ነገርሽኝ?» አላት። በዚያው ጠዋት ክራባቱን ራሷ መርጣለት ነበር።

«ዛሬ መብራት ላይ ተኝተሃል» አለችው ማታ።

«ዓይኔን አሳረፍኩ እንጂ አልተኛሁም።»

«ዓይንህን ስታሳርፍ ታንኮራፋለህ?»

ሳቀ። እሷ ሳህኑን ገፋችው። «ወይ ክኒኑን ተው፣ ወይ እኔ በእግሬ እሄዳለሁ። ተማሪው ሁሉ ሙድ ይይዝብሃል። ሼም ነው።»

ቅዳሜ ጋራዥ ሲሄዱ ነገሩን ጋሽ መፍቻ ሰማው። ጋሽ መፍቻ የአባቷ የልብ ወዳጅ የሆነ መካኒክ ነው። የማያውቀው ሞተር የለም። የማያውቀው ሌላ ነገርም እንደሌለ ያምናል።

«ወንድ ልጅ ከክኒን ጋር ይደራደራል?» አለ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «እኔ ሲጋራ በአንድ ቀን ነው የጣልኩት። ቆራጥነት ነው የሚያስፈልገው። ቆራጥነት።»

«ልክ ብለዋል» አለች ቁንዶ። ከእሱ ጋር ስትስማማ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነበር።

ያን ዕለት ማታ አባቷ የክኒኑን ማሸጊያ አንድ በአንድ እየፈለፈለ ሽንት ቤት ውስጥ ከተተው። ውሃውን የለቀቀችው ቁንዶ ራሷ ነች። ነጫጮቹ ክኒኖች ዞረው ዞረው ሲጠፉ አጨበጨበች። አባቷም አቀፋት። ደስ የሚል ምሽት ነበር፤ ጅሎች ደስ የሚላቸው ምሽት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። አባቷ ጭራሽ አይተኛም። ብርጭቆ ሲያነሳ ውሃው ይፈሳል። ማንኪያ ሲንኳኳ ጥይት እንደሰማ ሰው ይደነግጣል። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ይጣበቃል። «ሊወጣልህ ነው፣ ጠንክር» ይለዋል ጋሽ መፍቻ በስልክ። ቁንዶም «ጠንክር» አለችው። ይህቺን ቃል በኋላ ስታስታውሳት ምላሷን መንከስ ያምራታል።

በሳምንቱ እሁድ ቀትር ላይ፣ አባቷና ጋሽ መፍቻ ግቢ ውስጥ ሚኒባሷን እያጠቡ ሳለ፣ ባልዲው ተገለበጠ። ቁንዶ ስትወጣ አባቷ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ተዘርሯል። ጥርሱ ገጥሟል፤ እጅና እግሩ ይንዘፈዘፋል። ጋሽ መፍቻ ያን ሁሉ ሞተር ያስነሳ ሰው፣ የመኪና ማጠቢያውን የውሃ ጎማ ይዞ ውሃ ይረጭበታል።

«ተወው!» ብላ ጮኸች። ጎማውን ነጥቃ ወረወረችው፤ ሹራቧን አውልቃ ከአባቷ ጭንቅላት ሥር አደረገች። መንዘፍዘፉ ሲቆም በጋሽ መፍቻ መኪና ጭነው ሐኪም ቤት ወሰዱት።

ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ከዓይኗ ሥር ግን የብዙ ሰው ድካም ተቀምጧል። ከመረመረችው፣ ደሙን ካስወሰደችና መድኃኒት ካሰጠችው በኋላ አልጋው ጠርዝ ላይ ቆመች።

«ማነው በአንዴ ያስቆመዎት?»

አባቷ ብርድ ልብሱን አየ። ቁንዶ ጫማዋን አየች። ጋሽ መፍቻ አንድ እርምጃ ቀረበ።

«ለሱ ብለን ነው ዶክተር። ክፉ ነገር በአንዴ ነው የሚቆረጠው።»

«ሰውነታቸው ለዓመታት ክኒኑን ለምዷል» አለች ዶክተሯ። «አንጎላቸው ያለሱ መረጋጋት ረስቷል። ድንገት ሲነጠቅ የሚሆነውን ዛሬ አይታችኋል። ዕድለኛ ናቸው። የማይተርፍም አለ።»

ጋሽ መፍቻ እግሩን መሬት ላይ ረገጥ አደረገ። «ማለት... ጭነት ይዞ ቁልቁለት ላይ ፍሬን በአንዴ እንደ መርገጥ?»

«እንደዚያ የሚገባዎት ከሆነ፣ አዎ።»

«አሃ» አለ ጋሽ መፍቻ። «አሃ» አለ አባቷም ከአልጋው። ቁንዶ ደሟ ፈላ። ሰው ሊሞት እንደነበር ያልገባቸው፣ መኪና ሲገለበጥ ገባቸው።

«ታዲያ አሁን ምንድን ነው የሚደረገው?» አለች።

«ክኒኑን መልሰው ይጀምራሉ።»

«ምን? ያንኑ ክኒን? መብራት ላይ የሚያስተኛውን?»

«ያንኑ። ግን በሐኪም ልክ። መጀመሪያ ሰውነታቸው ይረጋጋ። ከዚያ ትንሽ እንቀንሳለን። ደህና ከሆኑ ደግሞ ትንሽ። ከከበዳቸው እዚያው ላይ ቆመን እንጠብቃለን። ወራት ሊፈጅ ይችላል። በራሳቸው መጨመር የለም፣ በራሳቸው መቀነስ የለም፣ ከመጠጥ ጋር መንካት ደግሞ ጨርሶ የለም።»

«ወራት» አለች ቁንዶ። «ሲጀመር ማነው የሰጠው? ያኔ ለምን አልነገሩትም?»

«መንገር ነበረባቸው» አለች ዶክተሯ። «ብትናደጂ አልፈርድብሽም።»

ቁንዶ ለዚህ አልተዘጋጀችም። ልትጣላ የመጣችበት በር ተከፍቶ ተገኘ።

«መንዳትስ?» አለ አባቷ ቀስ ብሎ።

«እኔ እስክፈቅድልዎት መሪ አይነኩም። አንዴ ወድቀዋል፤ መሪ ላይ ሆነው ቢደገምስ?»

«እሺ ዶክተር።»

ቁንዶ ይህቺን «እሺ» ታውቃታለች። ኪራይ ሲያሳድር ለቤት አከራዩ የሚላት «እሺ» ነች።

ከሐኪም ቤት ወጥቶ ሳምንት ሳይሞላው ጠዋት ላይ ጃኬቱን ለብሶ አገኘችው። ተላጭቷል፤ አገጩ ሁለት ቦታ ተቆርጧል።

«ወዴት ነው?»

«ሥራ።»

«ዶክተሯ ምን አለችህ?»

«ሌላ ሹፌር እስካገኝ ነው። ወላጆቹ ሌላ ሰርቪስ ከያዙ አለቀልን። ኪራዩን ማን ይከፍልልናል፣ ክኒኑ?»

«አባዬ፣ ወድቀህ...»

«ደህና ነኝ አልኩሽ። አታካብጂው።»

ጮኸች። እሱም ጮኸ። ቤት ውስጥ መጮህ ልማዷ ነው፤ ጩኸቷ ደግሞ ማንንም አቁሞ አያውቅም። ከዚያ የራሷ እግር ራሷን አስገረማት፦ ሄዳ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። አጠገቡ ሆና ዓይኑን ዓይኑን ካየች ምንም የማይሆን ይመስል። የሷ ማፍጠጥ ፍሬን የሆነ ይመስል።

ሬዲዮና ሌሎቹ ተማሪዎች ገቡ። ቀጥሎ የትንሿ ልጅ ቤት ነው። ልጅቷ ከቦርሳዋ ታንሳለች። እናቷ በሩን ከፍታ ካስገባቻት በኋላ ወደ ሹፌሩ መስኮት መጣች።

«እንዴት ሰነበቱ ጋሼ። ምን አገኘዎት? ጠፉብን እኮ።»

«ምንም። ትንሽ ጉንፋን ቢጤ።»

«እግዜር ይማርዎት። እርስዎ ሲቀሩ እኮ ሰው አምኖ መስጠት ያስፈራል» አለችና የልጇን የአንገት ልብስ አስተካክላ በሩን ለመዝጋት ዘወር አለች።

ቁንዶ የአባቷን እጅ አየች። ማርሹ ላይ ነው። ማርሹ እየተንቀጠቀጠ መስሏት ነበር፤ እጁ ነው። ከከንፈሩ በላይ ላብ አለ፣ በዚህ ብርድ።

«ጉንፋን አይደለም» አለች።

አባቷ ፈጥኖ ሳቀ። «አይስሟት እናት። ጠዋት ተጣልተን ነው። ጠባይዋን ያውቁት የለ፣ ቁንዶ እኮ ናት።»

እናትየዋ ፈገግ አለች። ከኋላ ሬዲዮ «ተቃጠልን» አለ፤ ተሳቀ። ቁንዶ ያኔ ገባት። አባቷ ንዴቷን ራሱ ላይ እንደ ጃንጥላ ዘረጋው። አሁን ብትጮህ «አላልኳችሁም?» ይላል፤ ሁሉም ያምነዋል፤ በሩም ይዘጋል።

ጉሮሮዋ ላይ የደረሰውን እሳት ዋጠችው። ወረደች፣ ዞራ እናትየዋ ፊት ቆመች፣ ድምጿንም ዝቅ አደረገች። በጣም ዝቅ።

«እሁድ ወድቆ ተንዘፍዝፏል። ሐኪም እንዳይነዳ ከልክላዋለች። ለዓመታት የእንቅልፍ ክኒን ይወስድ ነበር፤ እኛ በአንዴ ስላስቆምነው ነው። እኔም ነኝ ያስቆምኩት።»

ማንም አልሳቀም። ሬዲዮ እንኳ።

«እውነቷን ነው?» አለች እናትየዋ፣ ወደ ሹፌሩ ዞራ።

አባቷ የፊት መስታወቱን አየ። ከዚያ ሞተሩን አጠፋ።

እናትየዋ ልጇን በብብቷ አንስታ አወረደች። «ነግረውን ቢሆን እኮ...» ጀመረችና ተወችው። ሌሎቹም አንድ በአንድ ወረዱ። ቁንዶ ስልኳን አወጣች።

«ጋሽ መፍቻ፣ ቁንዶ ነኝ። ጋራዡን ይዝጉና ይምጡ። ተማሪዎቹን እርስዎ ነዎት የሚያደርሱት። ዛሬ ብቻ አይደለም፣ ዶክተሯ እስክትፈቅድ ጠዋትና ማታ።»

«እንዴ፣ ሥራዬስ ልጄ?»

«ቆራጥነት ነው የሚያስፈልገው ያሉት እርስዎ ነዎት።»

ከወዲያ ማዶ የጋራዡ በር ሲዘጋ ተሰማ። «መጣሁ» አለ።

አባቷ ወርዶ ከአጥር ተደግፎ ቆሟል። «አዋረድሽኝ» አላት።

«አዎ» አለች።

«ሰው ፊት።»

«ሰው ፊት ነው የምትነዳው።»

ጋሽ መፍቻ ቅባት የነካውን ቱታ እንደለበሰ ደረሰ። አባቷ ቁልፉን አቀበለው፤ ዓይን ለዓይን አልተያዩም። ተማሪዎቹ ተመልሰው ገቡ። ትንሿን ልጅም እናቷ የጋሽ መፍቻን መንጃ ፈቃድ አይታ፣ ደግማ አይታ፣ አስገባቻት።

«አትመጪም?» አለ ሬዲዮ በመስኮት። «ፈተና አለን እኮ። ሚኒባሷን ላስቆይልሽ?»

«ሂዱ። በኋላ እደርሳለሁ።»

ሚኒባሷ ስትሄድ አባትና ልጅ ወደ ቤት መንገድ ጀመሩ። እሱ ፊት ፊት፣ እሷ ከኋላው፣ ቦርሳዋን በአንድ ትከሻዋ አንጠልጥላ። ንዴቷ አልወጣላትም። በእሱ፣ በመድኃኒት ሻጩ፣ በዚያ ውሃ በለቀቀው በራሷ እጅ።

ዋናው መንገድ ጋ ሲደርሱ መኪኖቹ ይከንፋሉ። አባቷ ጠርዙ ላይ ቆሞ ግራ ቀኙን አየ፣ እንደገና አየ፤ መሻገር አቃተው። ቁንዶ ፊቷን እንዳኮሳተረች መጣችና አጠገቡ ቆመች። እጁን አልያዘችውም። የጃኬቱን እጅጌ ጨብጣ፣ መንገዱ እስኪለቅላቸው ድረስ አብራው ጠበቀች።