ታኮው ከነጆንያው

ስንሻው እንደቆመ ሞቶ ተገኘ። ጀርባው ከሰሊጥ መጋዘኑ ግንብ፣ ደረቱ ከራሱ ኤንትሬ የጭነት መኪና የኋላ ስፖንዳ ጋር ተጣብቆ፣ ኮኪት ከተማ ሲነጋ ገና አልወደቀም ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ያቺን መኪና ለሰው ሳይለቅ ኖረ፤ ሲሞት ደግሞ እሷ አልለቀቀችውም። ከተማው ደነገጠ እንጂ አላዘነም።

ምርመራውን የያዘችው ከገንዳ ውሃ ከተማ የመጣችው ኢንስፔክተር ዓለምፀሐይ ናት። ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ሰው ሲያለቅስባት ሰዓቷን የምታይ ሴት ናት። ስትደርስ ሜዳው በሰው ተሞልቶ ነበር፤ ያን ዕለት የመንጃ ፈቃድ ፈተና ነበርና ፈታኙ አቶ ትዕዛዙም ከጎንደር መጥቶ ኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጧል።

ኮኪት ሜዳ ነው፣ ዳገት የለውም። የጭነት መኪና ሊነዳ የሚሻ ሁሉ ግን ዳገት ላይ መፈተን አለበት፤ ስለዚህ ከመጋዘኑ ፊት ለፊት በግሬደር አፈር ተቆልሎ «ዳገቱ» ተባለ። ተፈታኝ ስምንት ቁጥሩን ይዞራል፣ በዘንጎቹ መካከል ወደ ኋላ ይገባል፣ በመጨረሻ ዳገቱ ላይ ቆሞ ሳይንሸራተት ይነሳል። የሚፈተንበትን መኪና የሚያቀርበው ራሱ ነው። በከተማው ለፈተና የምትገኘው ደግሞ የስንሻው ኤንትሬ ብቻ ናት። ሦስተኛ መንጃ ፈቃድ ማውጣት ማለት፣ እንግዲህ፣ ስንሻውን ደጅ መጥናት ማለት ነበር።

ዓለምፀሐይ ሬሳው ሳይነሳ ጎንበስ ብላ ተመለከተች። ዋልካው ጥቁር አፈር ማታ የዘነበውን ዝናብ እንደጠጣ ነው። የኋላ ጎማዎቹ ጭቃውን ቆፍረው ወደ ፊት፣ ወደ ዳገቱ በኩል፣ በትነውታል። የሟቹ ነጭ ሸሚዝ ደም እንጂ ጭቃ አልነካውም። ከአንደኛው የኋላ ጎማ ሥር ደግሞ ታኮ ተሸጉጧል፤ መኪና እንዳይንሸራተት ረዳት የሚያደርገው የእንጨት ሽብልቅ ነው። ከታኮው ሥር የታጠፈ የጆንያ ቁራጭ ተነጥፏል። ይህን ስታይ ቅንድቧን አነሳች።

«ማን አገኘው?»

«እኔ ነኝ» አለ ማተቤ። ከስንሻው ጋር ለማጆችን የሚያሠለጥን፣ ሃምሳን የተሻገረ ሾፌር ነው። «ጎህ ሲቀድ መጣሁ። ምንም አልነካሁም።»

«ታኮውንስ?»

«እኔ ሾፌር ነኝ። ታኮ የረዳት ሥራ ነው።»

«መኪናዋን ማን ሊያስነሳት ይችላል?»

«ቁልፍ የላትም፣ በሽቦ ነው የምትነሳው። ትናንት አመሻሽ ላይ እዚህ የተለማመድነው ግን ሦስት ነን። እኔ፣ ይርዳውና ረዳቱ ጀምበሩ።»

«ከሟቹ ጋር ተጣልተው ነበር ይባላል።»

«ከስንሻው ጋር ያልተጣላ ካለ፣ ትናንት ለቀን ሥራ ከደጋ የወረደ ሳሉግ መሆን አለበት። እሱም ለአጨዳ ስለሚቸኩል ነው።»

ይርዳው የባለ እርሻ ልጅ ነው፤ ጫማው በዚያ ሁሉ ጭቃ መካከል ያብረቀርቃል።

«ትጠላው ነበር?» አለችው።

«እናቴን ከኋላዬ አቆማት።»

ይህ የስንሻው ትምህርት ነበር። ለማጅ ዳገቱ ላይ ሲቆም የገዛ ዘመዱን ከመኪናው ኋላ ያቆምበታል። «ሰው ከኋላህ ካለ ፍሬን ታከብራለህ» ይላል። ይርዳው አንደኛ ማርሽ ያስገባ መስሎት የኋላ ማርሽ አስገባ፤ እናቱ ስትሸሽ ወደቀች፣ ይኸው እስከ ዛሬ በምርኩዝ ትሄዳለች። ስንሻው ያን ቀን ሆዱን ይዞ ስቆ ነበር።

«በመሞቱ ደስ ብሎሃል?»

«አዎ። እኔ ግን አልገደልኩትም።»

የሟቹ ሚስት ውባንች ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከመጋዘኑ ደጅ ተቀምጣለች፤ እንባ አልነበራትም።

«ወይዘሮ ውባንች፣ ባለቤትዎ ራሱ ከመኪናው ኋላ ቆሞ ያውቃል?»

«ኧረ እሱ ፈሪ ነው። ከማንም ኋላ አይቆምም። ከጀምበሩ ኋላ ብቻ። ‹የዚህ ልጅ እግር ፍሬን ላይ ካረፈ እዚያው እተኛለሁ› ይል ነበር።»

«ለጀምበሩ ነግሮት ያውቃል?»

«ምን ሲደረግ? የተመሰገነ ረዳት ይሄዳል።»

ጀምበሩ የመጨረሻው ተጠያቂ ነበር። ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ መዳፉ ግሪስ የጠጣ፣ አነጋገሩ የረጋ ሰው ነው።

«ረዳቱ ከሆንክ ቆየህ?»

«ጺም ሳላወጣ ነው የያዘኝ።»

«መንጃ ፈቃድ ለምን አላወጣህም?»

«መኪናዋን ሲሰጠኝ አይደል የምፈተን? በየዓመቱ ‹ለከርሞ› ይለኛል። ዘንድሮ ግን እሺ ብሎኝ ነበር።»

«ትናንትስ?»

«ተለማመድኩ። ዳገቱ ላይ አቆምኳት፣ ታኮዋን አደረግኩ፣ ዝናቡ ሳይመጣ ቤቴ ገባሁ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን አላውቅም።»

«ታኮውን ምናልባት ረስተህ ይሆን?»

የጀምበሩ ፊት ተለወጠ። ሰው ገድለሃል ብትለው ያን ያህል የሚከፋው አይመስልም ነበር። «እኔ ታኮ ረስቼ አላውቅም።»

«የዚች መኪና አንደኛና የኋላ ማርሽ ጎን ለጎን ናቸው አሉኝ። ሰው ይሳሳታል?»

«ለማጅ ይሳሳታል።»

«የደከመ ሰውስ? የመሸበት?»

በር ከፍታለት ነበር። ጀምበሩ አየት አደረጋት፤ ከዚያም ጥላው ሥር ወደተቀመጠው ፈታኝ ዞረ። ስንት ዓመት የጠበቀው ሰው እዚያ ተቀምጦ ብዕሩን ይነቀንቃል።

«ሙያውን የያዘ አይሳሳትም» አለ።

ሬሳው ተነሳ። አቶ ትዕዛዙ ወደ ጎንደር ልመለስ ብሎ ዕቃውን ሲሰበስብ ኢንስፔክተሯ አጠገቡ ቆመች።

«ፈተናው አይቅር።»

«ሰው በሞተበት መኪና?»

«መኪናዋ ምን አደረገች? ማተቤ ለማሳያ ይነዳል፣ ከዚያ ሁለቱ ይፈተናሉ። እያንዳንዱ ለብቻው ይግባ፣ ለብቻው ይውረድ።» ከዚያም ወደ ኮንስታብል ታንጉ ዞራ «ተራው ያልደረሰ ሰው ወደ መኪናው እንዳይጠጋ» አለችው።

ስፖንዳው ታጠበ። ውባንችም ተጠርታ መጣች።

ማተቤ ዳገቱን ወጣ፣ ቆመ፣ ተነሳ፣ ወርዶም ከግርጌው አቆመ። ከጋቢናው ሳይወርድ በመስኮት «ታኮ!» ብሎ ጮኸ። ጀምበሩ ሊሮጥ ሲል ታንጉ ክንዱን ያዘው። ማተቤ ታኮ የሚያደርግለት እየጠበቀ ተቀምጦ ቀረ።

ይርዳው ተከተለ። ዳገቱ ላይ ሲቆም አንደኛን ፍለጋ ማርሹን አመሰው፤ ያገኘው ግን የኋላውን ነበር። መኪናዋ እየጮኸች ወደ ግንቡ ተንደረደረች፣ ለጥቂት ቆመች። ሰዉ «እሱ ነው! እሱ ነው!» እያለ አጉረመረመ። ይርዳው ላብ አጥምቆት ዘሎ ወረደና ዞር ብሎም ሳያያት ሄደ።

ጀምበሩ ወጣ። ስምንት ቁጥሩን ዞረ፣ ዘንጎቹን ሳይነካ በመካከላቸው ወደ ኋላ ገባ። ዳገቱ ላይ ቆመና ሲነሳ ጎማው ወደ ኋላ የጣት ስፋት አልሄደም። አቶ ትዕዛዙ ሳያስበው ከወንበሩ ተነሳ። ጀምበሩ መኪናዋን ከግርጌው አቆመና ወረደ። ፊቱ በርቶ ነበር። ከወንበሩ ሥር የጆንያ ቁራጭ ስቦ አጥፎ ከጎማው ሥር አነጠፈ፣ ታኮውን አስቀመጠ፣ በተረከዙ ሁለቴ መታው። ቀና ሲል ሰው ሁሉ ያየዋል።

ዓለምፀሐይ ወደ መካከል ገባች።

«ስንሻው ነፍሱን የሚወድ ሰው ነበር። ሚስቱ እንዳሉት ከአንድ ሰው ኋላ በቀር አይቆምም። ትናንት ግን ከዚች መኪና ኋላ ቆሞ ነበር። ይህ አንድ ነው።»

ውባንች አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«መኪናዋ በራሷ ተንሸራትታ ቢሆን ጎማዋ መሬት አይቆፍርም። ነጂው ደንግጦ ወደ ፊት ሊያመልጥ ሞክሮ ቢሆን ጭቃው በሟቹ ሸሚዝ ላይ ይረጭ ነበር። ጭቃው የተበተነው ወደ ፊት ነው፤ ሰውየው ከግንቡ ከተጣበቀም በኋላ የኋላ ማርሹ ይገፋው ነበር። ከዚያ ነጂው ወረደ። ሾፌር ቢሆን ታኮ ብሎ ይጮሃል እንጂ አያደርግም። የባለ እርሻ ልጅ ቢሆን ትዝም አይለው። ይህ ነጂ ግን ሰው ከጨፈለቀ በኋላ፣ መኪናዋ ሰው እንዳትጨፈልቅ ታኮ አደረገ። ያውም ከነጆንያው።»

«ምናልባት ማርሹን ተሳስቶ ይሆናላ» አለ ማተቤ በልመና ድምፅ። «መሽቶ ነበር እኮ።»

«እኔም እንደዚያ ልጽፍ ነበር። ዛሬ ማርሹን አንዴ ቢስት፣ ትንሽ እንኳ ቢንሸራተት፣ አደጋ ነው ብዬ እዘጋው ነበር። ጀምበሩ ግን አይሳሳትም። ሁላችሁም አያችሁት።»

ጀምበሩ አልካደም። የግሪስ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«ዝናቡ ካባራ በኋላ ደግሜ ተለማምጄ ስጨርስ ከኋላ ስፖንዳውን እየደበደበ ሳቀ። ‹ነገ መኪናዋ የይርዳው ናት፣ አንተ ታኮህን ተሸከም፣ ለከርሞ እናያለን› አለኝ። ለከርሞ አለኝ። ከዚያ ወዲያ እጄ ናት የሠራችው።»

«ታኮውንስ ለምን አደረግክ?»

«ሲያጣብቀው ‹ታኮ! ታኮ!› ብሎ ጠራኝ» አለ። «ወርጄ አደረግኩለት። ከዚያ ዝም አለ።»

ውባንች ያኔ ነው ያለቀሰችው። ለማን እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም። ጀምበሩ እጁን ለካቴና ሲዘረጋ ዓይኑ ፈታኙ ላይ ነበር።

«ጋሼ፣ አለፍኩ?»

አቶ ትዕዛዙ ብዕሩን እንደያዘ ወደ ኢንስፔክተሯ ዞረ። «ምን ልበለው? ውጤቱን ልሰርዘው?»

«ለምን ይሰረዛል?» አለች ዓለምፀሐይ ሰዓቷን እያየች። «ሆን ብሎ መግደሉን የማስረዳው በምን ሆነና? ይጻፉለት እንጂ።»

አቶ ትዕዛዙ «አልፏል» ብሎ ጻፈና ፈረመበት።