ከነሐስ ትሪው ጀርባ

ዑመር የሞተው በገዛ እጁ ባሳመረው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው። እሑድ ጠዋት የእንግዳ ማረፊያው ሠራተኛ አይሻ ለእንግዶች ሻይ ናና ልትቀጥፍ ወደ ግቢው ስትወጣ የሚፈስ ውሃ ሰማች። ብታንኳኳ መልስ የለም። በሩን ገፋ አድርጋ ስታይ ሰውየው ፎጣ እንዳገለደመ ወለሉ ላይ ወድቋል፤ የጋዙ ውሃ ማሞቂያ አሁንም ይነዳል። ራሷን እያዞራት ወጥታ ጮኸች።

ማረፊያ ቤቱ ጄኔቫ ውስጥ፣ ለዛቫንሼ ከሚባለው ሰፈር ሕንፃዎች ብዙም ሳይርቅ ያለ አሮጌ ቤት ነው። ባለቤቱ ሉበና የወሎ ልጅ ብትሆንም ስድስት ዓመት ማራካሽ በእንግዳ ማረፊያ ሠርታለች፤ ይህንንም ቤት እንደዚያው አድርጋ አስጊጣዋለች። ግቢው መሐል ፏፏቴ፣ ዙሪያውን ባለቀለም ጡብ፣ ምሽት ላይ ግድግዳውን በብርሃን ጥልፍ የሚሸፍኑ የነሐስ ፋኖሶች። ግድግዳውን ግን የሠራው፣ ከዓመት በፊት የተቀጠረው ዑመር ነው። ማራካሽ የተማረውን ልስን፣ ኖራውን በጥቁር ሳሙና አሽቶ በድንጋይ እየፈተገ፣ እንደ ዕንቁ ያበራው ነበር።

ፖሊስ ነገሩን አደጋ ብሎታል። የማሞቂያው ጭስ በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ግቢው ይወጣ ነበር፤ ቀዳዳው በልስን ተደፍኖ፣ ላዩ ላይ ትልቅ የነሐስ ትሪ ተሰቅሎበት ተገኘ። ሠራተኛው ቅዳሜ ሲለስን ሳያስብ ደፈነው፣ ማታ ሲታጠብ ሽታ የሌለው ጭስ ገደለው፣ አለቀ።

የኢንሹራንሱ ኩባንያ ግን ማክሰኞ ዕለት ከዙሪክ፣ ከኦርሊኮን ቢሮው፣ መርማሪዋን ተናኘን ላከ። ተናኘ ሉበና የቅርብ ጓደኛዋ እንደሆነች ለአለቃዋ ብትናገርም፣ «ቋንቋቸውን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ» ብሎ ሸኛት። የተዋወቁት ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ተናኘ የስደተኞች ቃለ መጠይቅ አስተርጓሚ ሳለች ነው። ያኔ ሉበና ባሏ ባሕር ላይ እንደሰጠመ ስትናገር፣ ማልቀስ የማይፈቀድላት አስተርጓሚ አብራት አልቅሳለች።

ሉበና በር ላይ አቅፋ ተቀበለቻት። የጣቶቿ ጫፍ አሁንም ቆስሏል። ዓርብ ሉበና ዙሪክ አጠገብ፣ ረገንስዶርፍ ወዳለው ቤቷ ልትጠይቃት መጥታ፣ «በረኪና በላኝ» ስትላት ቫዝሊን የቀባቻት ራሷ ተናኘ ነበረች። እሑድ መርዶው በስልክ እስኪደርስ ድረስ አብረው ነው የሰነበቱት።

«ቀዳዳው ግድግዳዬን አበላሸብኝ ይል ነበር» አለች ሉበና እንባዋን እየጠረገች። «ቅዳሜ እኔ አንቺ ጋ ሳለሁ ደፍኖት ነው።»

«ትሪውንስ ማን ሰቀለው?»

«እሱ ነዋ፤ ቅዳሜ፣ ደፍኖ ሲጨርስ።»

ተናኘ ጻፈች። ቀጥላ ወጥ ቤት ገባች። ወጥ ሠሪው ቢረሳው ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው፤ ደረቅ ፕሪም እየዘፈዘፈ ነበር።

«ጋሽ ቢረሳው፣ ዑመር እንዴት ያለ ሰው ነበር?»

«ዝምተኛ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራውን ሲጨርስ በአዲሱ መታጠቢያ ቤት ይታጠብና ወደሚኖርበት የስደተኞች ማረፊያ፣ ወደ ፎየው ይሄዳል። እንግዳ እዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቶ አያውቅም፣ ገና አልተከፈተም። ባለፈው ሳምንት ግን፣ 'ሰኞ የጥገኝነት ኢንተርቪው አለኝ፣ እውነቱን ተናግሬ እገላገላለሁ' አለኝ። ምኑን እንደሆነ አልነገረኝም።»

«ትሪውን ሲሰቅል አይተውታል?»

«አላየሁም። ዓርብ ከሰዓት ከገበያ ቅርጫት ተሸክሜ ስገባ ግን ተሰቅሎ ነበር፤ ጠርዙ ግንባሬን ገጨኝ» ብሎ ሰንበሩን አሳያት።

የተናኘ ብዕር ቆመ። «ዓርብ? ቅዳሜ አይደለም?»

«ልጄ፣ ግንባሬ ይመስክር።»

አይሻ ፎቅ ላይ አንሶላ ትቀይር ነበር። «ቅዳሜ ሲለስን አይተሽዋል?» አለቻት ተናኘ።

«አዎ፣ እትዬ። ወዲያ ማዶ ያለውን ቅስት፣ በቢጫው።»

«ቀይ ልስንስ?»

«ቀዩማ አልቋል። ዓርብ ስድስት ሰዓት ከቋንቋ ትምህርት ስመለስ፣ እትዬ ሉበና ወደ ባቡር ሊሄዱ ሻንጣቸውን ይዘው ነበር። 'የቀዩን ባልዲ አሁኑኑ እጠቢው' አሉኝ፤ አጠብኩት። ከዚያ ዑመር ቢጫውን ቀለም ገዝቶ መጣ።»

ተናኘ ወደ ግቢው ወርዳ ትሪውን አነሳች። ፖሊስ ልስኑን ቆርጦ ቢያወጣም፣ ዳር ዳሩ አልተነካም። ቀይ ነበር። ከፏፏቴው ውሃ በእፍኟ ዘግና ግድግዳው ላይ ረጨች። ዑመር የለሰነው ላይ ውሃው ጠብታ ጠብታ እየሆነ ተንሸራተተ። ቀዳዳው ዳር ያለው ላይ ግን ሰርጎ ገባ። የምታስበውን ማሰብ አልፈለገችም።

በማግስቱ ወደ ፎየው ሄዳ የዑመርን ዕቃ አየች። ከልብሱ ሥር፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለ፣ ማራካሽ የተጻፈ የኒካህ ወረቀት አገኘች። የሙሽራዋን ስም ሁለት ጊዜ አነበበችው። ደጅ ወጥታ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያ ለፖሊስ ደወለች።

ያን ዕለት ከሰዓት ሉበና፣ ቢረሳውና አይሻ ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። አንዲት የፖሊስ መኮንን ከአስተርጓሚ ጋር በሩ አጠገብ ቆመች።

«ዑመር ቀዳዳውን አልደፈነም» ብላ ጀመረች ተናኘ። «እሱ የለሰነው ሁሉ ሳሙና የጠገበ ነው፣ ውሃ አይገባበትም። ይህኛው ውሃ ይጠጣል። ቅዳሜም አልተደፈነም፤ ልስኑ ቀይ ነው፣ የቀዩ ባልዲ ደግሞ ዓርብ ስድስት ሰዓት ታጥቧል። ስለዚህ የተደፈነው ዓርብ ጠዋት ነው። ያን ጠዋት አይሻ ትምህርት ቤት ነበረች፣ ስም ጥሪው ላይ ፈርማለች። ጋሽ ቢረሳው ገበያ ነበሩ። ዑመር አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ቀለም ሲገዛ እንደነበር ዕቃው ውስጥ ያገኘሁት ደረሰኝ ያሳያል።»

አይሻ ቀስ ብላ ወደ ሉበና ዞረች።

«ተናኘ፣ እኔ እኮ አንቺ ጋ ነበርኩ!» አለች ሉበና።

«ነበርሽ። ሰውየው ቅዳሜ እንደሚታጠብ እያወቅሽ፣ ዓርብ ደፍነሽ፣ ትሪ ሰቅለሽ፣ እኔ ጋ መጣሽ። ትሪውን ቅዳሜ እሱ ሰቀለው አልሽኝ፤ ዓርብ ግን የጋሽ ቢረሳውን ግንባር መትቷል። ጣትሽን የበላውም በረኪና አይደለም። በባዶ እጅ የተነካ ኖራ ነው።»

«ለምን ብዬ እገድለዋለሁ?»

ተናኘ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «ባልሽ ነበር። ባሕር በላው ያልሽኝ ባልሽ። ከዓመት በፊት ፈልጎ አገኘሽ፤ ዝም እንዲልልሽ ሥራ ሰጠሽው። ሰኞ ግን ሚስት አለህ ወይ ተብሎ ሊጠየቅ ነበር። ያን ጊዜ ያንቺ ታሪክ ውሸት ሆኖ የመኖሪያ ፔርሚሽም፣ የዜግነት ማመልከቻሽም ያበቃለት ነበር።»

ሉበና ስትናገር ድምጿ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

«እንዲዋሽልኝ ለመንኩት። 'ሞቼ መኖር ሰለቸኝ' አለኝ።»

«ከሰው ሁሉ ለምን እኔ ቤት መጣሽ?»

«አንቺ የምትመሰክሪለትን ማን ይጠራጠራል?» አለች ሉበና፣ ዓይኗን ሳትሰብር። «የምታምኚኝ አንቺ ብቻ ነበርሽ።»

ተናኘ ለዘጠኝ ዓመት ያዘነችላት መበለት ኖራ አታውቅም፤ አሁን ግን በእውነት መበለት ሆናለች። መኮንኗ ሉበናን ይዛት ስትወጣ፣ ቢረሳው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከማረፊያ ቤቱ ለቤተሰቡ የደወለ ሰው አልነበረም። አይሻ ከዑመር ስልክ ላይ የእናቱን ቁጥር ገልብጣ ለተናኘ ሰጠቻት። ኮምቦልቻ ስልኩን ያነሱት እናት መርዶውን አስቀድመው ከሌላ ሰው ሰምተዋል፤ ለቅሶው ድምፃቸውን ዘግቶታል። ተናኘ ማንነቷን ነገረቻቸው። አስከሬኑ መቼ እንደሚላክ ይጠይቁኛል ብላ ጠበቀች።

«ልጄ» አሉ እናትየው፣ «እዚያ አገር የሄደው ሚስቱን ፍለጋ ነበር። አገኛት?»

ተናኘ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች።

«አግኝቷት ነበር፣ እማማ» አለች።

«ተመስገን» አሉ እናትየው። «ብቻውን አልሞተም ማለት ነው።»

ተናኘ እውነቱን ሳትነግራቸው ተሰናበተቻቸው።