የአቀናባሪው የመጨረሻ ድራም

አቀናባሪው ፎቅ ላይ ባለው የሥራ ክፍሉ፣ ኮምፒውተሩ ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን የፈለጠው የማይክሮፎን መቆሚያ አጠገቡ ወድቋል። ሳጅኑ ደሙ ሳይደርቅ የሟቹን የእህት ባል፣ ድራመሩን፣ በካቴና ጠፍሮ ደረጃው ሥር አስቀምጦታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ይህ ሳጅን ግን ያፈሰሰውን የመልቀም ልማድ እንኳ የለውም።

መርማሪዋ ስትደርስ ሳጅኑ በሩ ላይ ተቀበላት። ባልደረቦቿ በሌለችበት «እሬት» ይሏታል። ታውቃለች፤ ደስም ይላታል።

«ኢንስፔክተር፣ ጉዳዩ አልቋል።»

«ያለቀው ሰውየው ነው። ጉዳዩን ንገረኝ።»

«ትናንት ሟቹ ድራመሩን ‹ካሁን በኋላ አልፈልግህም፤ ድራሙን በማሽን እኔው እመታዋለሁ› ብሎ አባረረው። ይሄም ‹እገልሃለሁ› ብሏል። ዛሬ እህትየው ታች መለማመጃ ክፍል ሆና ድራም ሰምታለች። ድራሙ እንዳቆመ ስትወጣ ወንድሟ ሞቷል። እዚህ ቤት ድራም የሚመታ ደግሞ አንድ ሰው ነው።»

«ድራም መሰማቱን ሌላ ማን ያውቃል?»

«እሷና እኔ ብቻ።»

«እንግዲያው እስክጠይቅህ ድረስ አፍህን ዝጋ። ለእሷም ንገራት።»

ፎቅ ወጥታ የሟቹን የሥራ ክፍል ዞር ዞር ብላ አየችው። ግድግዳው በፎቶግራፍ ተሞልቷል፤ ሁሉም የሟቹ የራሱ ፎቶ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ራሳቸው ድምፅ የሌላቸው፣ ኮምፒውተሩን የሚያጫውቱ ሁለት የሚዲ ኮንትሮለሮች ተሰክተዋል፤ አንዱ ኪቦርድ፣ ሌላው ድራም የሚመታበት ፓድ። ፓዱን አቧራ ሸፍኖታል። ስክሪኑም፣ ሽቦውም፣ መስኮቱም እንደዚያው። የኪቦርዱ ቁልፎች ብቻ ያብለጨልጫሉ። አቀናባሪው በዕድሜው ጠርጎ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ሳህኑን በዳቦ ነው። ታዲያ ይህን ማን ጠረገው?

እህትየው መለማመጃ ክፍሉ ውስጥ ትልልቆቹ ስፒከሮች አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ዓይኗ አብጧል።

«ምን ሰማሽ?» አለች መርማሪዋ።

«ድራም። ወንድሜ ለልምምድ ሲያዘጋጅ ድምፁን በእነዚህ ስፒከሮች ነው የሚያወጣው። ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ተንደቀደቀና ተመለሰ። ከዚያ ዝም አለ።»

«ከዚያስ?»

«ብርቅዬው ከልብስ መቀየሪያው ክፍል ወጥቶ መጣ። ‹ሲጫወት ሰማኸው?› አልኩት። ‹ሰማሁት› አለኝ። ልንጠራው አብረን ወጣን።»

«ይህ ቃልሽ ባልሽን ዕድሜ ልክ ሊያሳስረው እንደሚችል ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል» አለች እያለቀሰች። «የሰማሁትን ግን አልሰማሁም ልበል?»

ብርቅዬው የተባለው ዘፋኙ ነው። ስሙን ሰው አላወጣለትም፤ ራሱ ለራሱ አወጣው። መርማሪዋ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ስትገባ መስታወት ፊት ቆሞ ሐዘኑ ፊቱ ላይ እንዴት እንደተቀመጠ እያየ ነበር። በፖስተሮቹ ሁሉ ላይ አንገቱን በሐር ሻርፕ ጠቅልሏል። ዛሬ አንገቱ ባዶ ነው።

«ሻርፕዎስ?»

«ሞቆኝ አወለቅኩት።» ውጭ ዝናቡ እያካፋ ነበር።

«ሟቹን ሲጫወት ሰምተውታል አሉ።»

«ልብሴን እየቀየርኩ እዚሁ ሆኜ። ግድግዳው ስስ ነው።»

«ምን ሲጫወት ሰሙ?»

«ፒያኖ!» ዓይኑን ጨፈነ። «ግን እንዴት ያለ ፒያኖ! ጣቶቹን ከዳር እስከ ዳር ያንሸራትታቸዋል… እንባዬ መጣ። መሰናበቻው መሆኑን ነፍሱ ሳታውቅ አልቀረችም።»

«ማሽኖቹን እርስዎም ይነካካሉ?»

«እኔ? ሽቦ መሰካት የሠራተኛ ሥራ ነው፣ እመቤቴ። እኔ ዘፋኝ ነኝ።»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የብርቅዬው ውሸት ለማደር እንኳ አልበቃም፤ ሰውየው ግን አፉን በከፈተ ቁጥር የሚጨበጨብለት ስለሚመስለው ዝም ማለት አይሆንለትም። መርማሪዋ አመስግናው ወጣች።

ድራመሩ ደረጃው ሥር አንገቱን ደፍቷል።

«አንተስ ምን ሰማህ?»

«ምንም። ግቢው ውስጥ መኪናዬ ውስጥ ተኝቼ ነበር። ያየኝ ሰው የለም፤ ውሸታም በሉኝ።»

ውሸታም አላለችውም። ፎቅ ወጥታ ጓንቷን አጠለቀችና የኪቦርዱን ቁልፎች አንድ በአንድ ተጫነች። ክፍሉ ጸጥ አለ። አሁንም ተጫነች። ያኔ ከታች ጩኸት ተሰማ፤ እህትየው ደረጃውን እየሮጠች ወጣች።

«ማነው ድራም የመታው? ያው ድራም ነው! ማነው?»

መርማሪዋ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለችና የተጻፈውን አነበበች። ከዚያ ሁሉም መለማመጃ ክፍል እንዲሰበሰቡ አዘዘች።

ተሰበሰቡ። ብርቅዬው ማንም ያላቀረበለትን ምቹውን ወንበር ያዘ። ሳጅኑ እስረኛውን አቁሞ ደረቱን ነፋ።

«ሟቹ ሁለት መሣሪያ ነበረው» ስትል ጀመረች። «ሶፍትዌሩ እያንዳንዱን በየራሱ ፖርት፣ በየራሱ መግቢያ፣ ይቀበላል። ኪቦርዱ የፒያኖው ፖርት ላይ፣ ፓዱ የድራሙ ፖርት ላይ ነበሩ። ትናንት ግን ድራሙን ራሱ ለመምታት ወሰነ። በፓድ መምታት አይችልም፤ አቧራው ይመሰክራል። ስለዚህ ኪቦርዱን ወደ ድራሙ ፖርት አዛወረው። ያ ኪቦርድ ከትናንት ጀምሮ አንዲት የፒያኖ ድምፅ አላወጣም። የሚያወጣው ድራም ነው፤ እሱም እዚህ ታች ነው የሚሰማው። ፎቅ ላይ ዝም ነው።»

«ምን ለማለት ነው?» አለ ሳጅኑ።

«ገዳዩ ደም የነካ እጁን ኪቦርዱ ላይ አሳረፈ። ደነገጠ። ከዳር እስከ ዳር ጠረገው፣ ደግሞም መለሰው። ድምፅ ስላልሰማ የጠፋ ማሽን መሰለው።»

እህትየው አፏን በእጇ ያዘች። «የሰማሁት… መጥረጉን ነው?»

«አዎ። ወንድምሽ ያን ጊዜ ሞቶ ነበር።»

«ታዲያ ጠራጊው ድራመሩ አይሆንም?» አለ ሳጅኑ፤ ምርኮውን ላለመልቀቅ እየተፍጨረጨረ።

«ድራመሩ አልሰማሁም አለ። እዚህ ሆኖ የሰማ ሰው ድራም ሰማሁ ይላል፤ እህትየው እንዳለችው። ፒያኖ ሰማሁ ሊል የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ምንም ሳይሰማ ኪቦርዱ መነካቱን የሚያውቅ። ‹ሲጫወት ሰማኸው?› ስትለው የጠረገው ኪቦርድ ድምፅ እንዳወጣ ገባው። ለእሱ ደግሞ ኪቦርድ ሁሉ ፒያኖ ነው፤ ሽቦው የሠራተኛ ነዋ!» ወደ ምቹው ወንበር ዞረች። «እንባህ የመጣው በየትኛው ፒያኖ ነው?»

‹እርስዎ› የነበረው ‹አንተ› ሆነ። ብርቅዬው ከሁሉ በፊት የከፋው ይህ ይመስላል።

«እንዴት እንዲህ ትደፍሪኛለሽ?»

«ሳጅን፣ የጠረገበት ሻርፕ ከዚህ ቤት አልወጣም፤ ልብስ መቀየሪያው አጠገብ ያለውን የሽንት ቤት ውኃ ማጠራቀሚያ ክፈተው።»

ሳጅኑ ውኃ የሚንጠባጠብ የሐር ሻርፕ ይዞ ተመለሰ። የደሙ ቀለም ገና አልለቀቀም።

ብርቅዬው ከወንበሩ ተነሣ። «ማሽን ያላረመውን ድምፄን ለሰው ሊያሰማ ነበር!» ብሎ ጮኸ። ጩኸቱም ከቅኝት የወጣ ነበር። «ሊያዋርደኝ ነበር!»

«ሰው የገደልከው ጉሮሮህ እንዳይታወቅብህ ነው?» አለች እሬት። «ውሰዱት። ሲያወራ ይደክመኛል።»

ሳጅኑ ካቴናውን ከድራመሩ እጅ ፈትቶ ወደ ብርቅዬው እጅ አዛወረ፤ ይቅርታ የሚባል ቃል ግን አልወጣውም። እህትየው ወደ ባሏ ቀረበች።

«እኔ ነኝ ብለሽ ነበር?» አላት።

«ድራም ሰማሁ ነው ያልኩት። አንተ ነህ አላልኩም።»

«በልብሽስ?»

ዓይኗን ከፊቱ ወደ ስፒከሮቹ መለሰች።

«አመታቱ እንዴት ነበር?»

«ምት አልነበረውም» አለች። «ድስት ደረጃ ላይ ሲንከባለል ነው የሚመስለው።»

የእጁን አንጓ እያሻሸ አያት። «ስንት ዓመት ሙሉ ከጎንሽ ስመታ ኖርኩ። እንዲያ ያለውን የእኔ ነው ብለሽ ነው?»

ያኔ ያፈረችውን ያህል በዕድሜዋ አፍራ አታውቅም። እጁን ልትይዘው ስትል ሳብ አደረገውና ብቻውን ወደ መኪናው ሄደ።