ሶማሊኛ የማይሰማው ቡቺ

ኢፍቲን ናጂብን የናቀችው ገና የግቢውን በር አልፎ ሳይጨርስ ነው። በአንድ እጁ ቡችላ፣ በሌላው በፌስታል የተቋጠረ የግመል ሥጋ ይዟል። ሸሚዙ የተተኮሰው ከፊት ለፊት ብቻ ነው። ጀርባዬን ማን ያየኛል ብሎ ይሆናል።

ሀርጌሳ፣ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ያለው የአጎቷ የአብሺር ግቢ በሁለት ወር ሁለቴ ስለተዘረፈ፣ አጎቷ «ውሻ ካልገባ እንቅልፍ የለኝም» ብለው ነበር። አሠልጣኝ ተብሎ የመጣላቸው ታዲያ ይሄ ነው! ድሬዳዋ ያደገ፤ ሙያውን ከየት እንዳገኘው አላህ ይወቅ። ኢፍቲንም ድሬዳዋ አድጋ የተመለሰች፣ ካርጎ ቢሮ የምትሠራ ልጅ ናት። በዚያ ቤት ከእሷ በቀር አማርኛ የሚያውቅ የለም።

«ውሻ የምታስተምረው አንተ ነህ?» አለችው በአማርኛ።

«እኔ ነኝ።»

«አንተንስ ማን አስተማረህ?»

«ቦታ ካለሽ አንቺ ጋ እመዘገባለሁ» አለና ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ቡችላውን ቡቺ አለው። ድሬዳዋ ውስጥ ድንጋይ ብትወረውር አንድ ቡቺ አታጣም፤ ሰውየው ስም ለማውጣት እንኳን አልደከመም። ቡቺ በመጀመሪያው ወር አጎቷ ለሶላት ሲገቡ በር ላይ ያወለቁትን ሦስት ጥንድ ጫማ በላ። በእስልምና የውሻ ምራቅ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ ይታጠባል፤ አንዱ በአፈር ነው። ናጂብ ለዚሁ ብሎ ንጹሕ አፈር በባልዲ በሩ አጠገብ አስቀመጠ። ቡቺ ሄዶ አፈሩ ላይ ሸና። ኢፍቲን ይህንን ለቢሮ ሰው ሁሉ አወራች።

በሦስተኛው ወር በመስኮቷ «ቁጭ! ና! ተው!» የሚል ሰማች። ወረደች።

«አንተ፣ በአማርኛ ነው እንዴ የምታሠለጥነው? ያለኸው እኮ ሀርጌሳ ነው!»

«ሌባው ምን ይናገራል?» አላት ኮራ ብሎ።

«ሶማሊኛ ነዋ።»

«አየሽ? ሌባ በሶማሊኛ ‹ተው› ቢለው አይሰማውም።»

«የቤቱ ሰውስ?»

ናጂብ ሥጋውን እንደያዘ ቀረ። «እሱን እንኳ… አላሰብኩትም።»

ያ ረቢ! እንዲህ ያለ ጅል የት ይገኛል? ቡቺ ግን የለመደውን ለምዷል። ከዚያ ወዲያ ናጂብ በሌለ ቁጥር «ኢፍቲን፣ ነይ ንገሪው!» ሆነ። ቀኑን ሙሉ ከደንበኛ ጋር በእንግሊዝኛ ስትከራከር የዋለች ሴት፣ ማታ በረንዳ ላይ ቆማ ውሻ ላይ በአማርኛ ትጮሃለች። ለዚህ ያበቃትን ሰው ሳትረግመው ያደረችበት ቀን የለም።

ሆኖም በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ናጂብ ከባጃጅ ሲወርድ፣ እሷ አስቀድማ ግቢ ውስጥ ናት። ልታርመው ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን?

«ድምፅህ የለማኝ ነው። እንዲህ እየተለማመጥክ ማን ይሰማሃል?»

«እስኪ አንቺ በይው።»

ትላለች። ቡቺ ቁጭ ይላል። ናጂብ የሚያየው ግን ቡቺን አይደለም።

አንድ ቀን ቡቺ እጇን ላሳት። ናጂብ አፈሩን ቀብቶ፣ ውሃ እያፈሰሰላት መቁጠር ጀመረ። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ውሃው ይፈስሳል፤ የሚቆጥር የለም።

«ስንት ደረስን?» አለች ኋላ።

«አራት… ወይስ ስድስት?»

«መቁጠርም አትችልም!» አለችው። እንደገና ከአንድ ጀመሩ። አልተቆጣችም፤ ባለመቆጣቷ በራሷ ተናደደች።

በአሥራ አንደኛው ወር ጂብሪል የሚባል ሰው ከዱባይ ለጋብቻ ሊጠይቃት መጣ። ሁለት ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደረደረ፤ ስለ መኪናው አወራ፤ ደመወዟን ጠይቆ ሳቀ። ኢፍቲን ይሄንንም ናቀችው። ናጂብን ስትንቅ ግን ደስ ይላት ነበር፤ ይሄ ሰለቻት።

ጂብሪል ሲወጣ ቡቺ ሱሪውን ያዘው። የቤቱ ሰው በሶማሊኛ ጮኸ፤ አጎቷ በከዘራ መሬቱን ደበደቡ። ቡቺ ወይ ፍንክች! ኢፍቲን በሩ ላይ ቆማለች። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለገው። አላለችም። ሱሪው እስከ ጉልበት ተቀደደ።

በማግሥቱ አጎቷ ናጂብን ጠሩት። «እንግዳዬ ፊት አዋረድከኝ። ውሻህን ይዘህ ውጣ።»

«ልክ ነዎት፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ናጂብ፣ ቡቺን በገመድ እያሰረ። «ነገ ወደ ድሬዳዋ እሄዳለሁ።»

ደግሞ ይቅርታ ይጠይቃል! ለራሱ እንኳ መከራከር የማይችል! ኢፍቲን ደሟ ፈላ። ዝም ብትል ነገ አሥራ አንድ ሰዓት፣ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ ይሆናል፤ ባጃጁ አይመጣም።

«አጎቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «አጠገቡ ነበርኩ። ተው ብዬው ቢሆን ይተው ነበር። አውቄ ነው ዝም ያልኩት።»

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ጂብሪልን አልፈልገውማ!»

«ማንን ነው ታዲያ የምትፈልጊው?»

በጣቷ ናጂብን አመለከተች። «ይሄን ጅል» አለች።

አጎቷ ናጂብን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ናጂብ ገመዱን ለቀቀ። ከዚያ በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ ተናገረ፦

«ዓመት ሙሉ ስትንቂኝ ነው እኮ የኖርሽው።»

«አሁንም እንቅሃለሁ» አለችው፤ እንባዋ መጣ። «ገና ዕድሜ ልኬን ነው የምንቅህ።»

«ምን እያለችህ ነው?» አሉ አጎቷ።

ናጂብ ዓይኑን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገ።

«ሽማግሌ ላክ ነው የምትለኝ» አላቸው።