ጄሶው ላይ ያረፈው ቀለም

ሰውየው ከደረጃው ግርጌ ተዘርሮ ሞቷል። ቀኝ እግሩ እስከ ጉልበቱ በጄሶ ተጠቅልሏል። መርማሪዋ ተንበርክካ ጄሶውን በውስጥ እግሩ በኩል አየችው። ጥርት ያለ ነጭ ነው።

«ቀዶ ሕክምናው ምን ነበር?» ብላ ሚስቱን ጠየቀች።

«ከልጅነቱ ጀምሮ እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ ይንጠለጠልበት ነበር። ወደ ውስጥ የሚጎትተውን ጅማት አዛውረው ከላይ ሰፉለት፤ እግሩን እንዲያነሳለት። ጄሶው እስኪወልቅ እንዳይረግጥበት ተብሏል። ሲሻለኝ ኳስ እጫወታለሁ ይል ነበር። ኳስ እንኳ ወዶ አያውቅም።»

«ሲወድቅ የት ነበርሽ?»

«ገበያ። ቤት የነበሩት አባባና ታናሽ ወንድሙ ናቸው።»

«እኔ ነኝ የገፋሁት» አለ ወንድምየው ሳይጠየቅ። «ደረጃው ላይ ቆሞ ሲሰድበኝ ገፋሁት።»

«በምን ተጣላችሁ?»

«በቤት ጉዳይ።»

«በየትኛው የቤት ጉዳይ?»

ወጣቱ ፊቱን ወደ ደረጃው መለሰ። እጁ ነጭ ጋዝ ይሸታል።

ፖሊሱ ካቴናውን አወጣ። «ቆይ» አለችው መርማሪዋ። «አባትየው በአንድ ቀን ሁለት ልጅ እንዳያጡ።»

ወደ ላይ ስትወጣ የደረጃው መደገፊያ እጇ ላይ ተጣበቀ። ትናንት የተቀባ ቡናማ ቀለም ነው፤ ገና አልደረቀም። ክራንቾቹ ከሟች አልጋ አጠገብ ቆመዋል። አባትየው እጃቸውን ጭናቸው መሀል ቀብረው ተቀምጠዋል።

«ተኝቼ ነበር ልጄ» አሉ። «ምንም አልሰማሁም።»

እሳቸውም ነጭ ጋዝ ይሸታሉ።

ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ክራንቹ ፎቅ ላይ አልጋው አጠገብ ቀርቷል፤ ጄሶው ከታች አልቆሸሸም። ስለዚህ ረግጦ አልወረደም፤ ደረጃ ላይ ቆሞም አልተሳደበም። በአንድ እግሩ እየዘለለ ቢወርድ ኖሮ መደገፊያውን ይይዝ ነበር። መዳፉ ግን ንጹሕ ነው። ቀለሙ ያለው ጄሶው ላይ ነው፤ ከጉልበቱ ዝቅ ብሎ የጣት ምልክት። የታዘለ ሰው እግሩ የሚያዘው እንዲህ ነው። ያዘለው ሰው መደገፊያውን ይዞ ጀመረ፤ ሲከብደው እጁን መልሶ እግሩን ደገፈ።»

«እኔ ነኝ ያዘልኩት» አለ ወጣቱ።

«ቅድም ገፋሁት አላልክም? ያንተ ጥፍር ሥር ቀለም የለም። በጋዝ ያጠብከው የሌላ ሰው እጅ ነው።»

«አባባ?» አለች ሚስትየዋ።

ሽማግሌው እጃቸውን አወጡ። ጥፍራቸው ሥር ቡናማ ነው።

«ፀሐይ ልሙቅ አለ። ‹ወንድሜ ያውርደኝ› ሲል እኔ ላዝልህ አልኩት። ‹አባባ አርጅተሃል እኮ› ብሎ ሳቀብኝ። ትምህርት ቤት ያመላለስኩት በዚህ ጀርባ ነው። ጄሶው ሲወልቅ በእግሩ ሊሄድ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ለምን ይፈልገኛል ብዬ ለመንኩት። ላንድ ጊዜ ብቻ ብዬ። ጉልበቴ ሲከዳኝ መደገፊያውን ያዝኩ። እሱን ለቀቅኩት።»

«አሁን ይሄን ባያናግሯቸው ምን ነበረበት?» አለ ወጣቱ መርማሪዋን።

«ወንጀል አይደለም አባቴ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አደጋ ነው። ማንም አያስርዎትም።»

«ታዲያ ማን ይቅጣኝ?» አሉ።

መርማሪዋ ወደ ሚስትየዋ አየች። ሚስትየዋ ወለሉን ታያለች።